አቧራዋ የማይራገፍ መኪና

በቤታችን አቧራዋ የማይወለወል አንዲት ዕቃ አለች። ሳሎን ካለው ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ጥግ ተጠግታ የምትቀመጥ፣ ከክንዴ የምታጥር የቆርቆሮ መኪና ናት። ለኢድ ቤቱ ሲጸዳ ምንጣፉ ይወጣል፣ መጋረጃው ይታጠባል፣ ግድግዳው ሳይቀር በእርጥብ ጨርቅ ይታሻል። እሷን ግን እኔ ራሴ አውርጄ፣ የቆመችበትን ቦታ ብቻ ጠርጌ፣ እንደነበረች እመልሳታለሁ። አዲስ እንግዳ ካያት፣ "ይቺን ምነው ረሳችኋት?" ይላል። እናቴ ቶሎ ወሬ ትቀይራለች። እኔ ድሮም ሰው ፊት ብዙ አልናገርም።

ልጅ እያለሁም የምንኖረው እዚሁ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም፣ አሁን ባለንበት ግቢ ነበር። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ የምናየው አልፎ አልፎ ነው። ቤት የሚውለው አያቴ ነበር። እኛ አባባ እንለዋለን፤ ሰፈሩ አያ ሰይድ ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ላሜራ ሲቀጠቅጥ ስለኖረ ጆሮው ከበድ ይላል፣ ሲያወራም ይጮሃል። የእኔ ድምፅ ደግሞ ከጉሮሮዬ አይወጣም። እንዴት እንደምንግባባ ሰው ይገርመው ነበር። ሸሚዙ የዘይትና የብረት ሽታ ነበረው፤ ሥራ ካቆመ ስንት ዘመን አልፎ እንኳ እናቴ በሳሙና አሽታ አሽታ ልታስለቅቀው አልቻለችም። እኔ ግን ያንን ሽታ እወደው ነበር።

ስድስተኛ ክፍልን የጨረስኩ ጊዜ የአባባ ዓይን እየጠፋ ነበር። አባቴ ሐኪም ቤት ወስዶት ተመለሱ። ማታ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ፤ የተጎዳው ነርቩ ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ምን ያህል እንደሚቆይ አይታወቅም ብለዋል። በማግስቱ አባባ ከአልጋው ሥር የመሣሪያ ሳጥኑን አስወጣኝና፣

"ሙና፣ ከዛሬ ጀምሮ እጄ አንቺ ነሽ" አለኝ። "ዓይኔ ሳይጨልም አንዲት ማኪና ማየት አለብኝ።"

የትኛዋን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የዚያችን መኪና ታሪክ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አባባ ገና ጢም ሳያወጣ ፒያሳ አጠገብ በነበረ የአንድ ጣሊያን ጋራዥ ይሠራ ነበር። የሰውየውን ስም ጠርቶት አያውቅም፣ "ሲኞሩ" ነው የሚለው። ሲኞሩ አንዲት አሮጌ ቀይ የእሽቅድድም መኪና ነበረችው፤ አፍንጫዋ ረጅም፣ ጣሪያ የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ። አንድ ክረምት ከአስመራ ከመጡ የአገሩ ልጆች ጋር ተፎካክሮ ከሊማሊሞ ሥር እስከ ጎንደር ሊሽቀዳደሙ ተስማሙ። መሪው በስተቀኝ ነበርና ሲኞሩ በቀኝ፣ አባባ በግራ ተቀመጡ። የአባባ ሥራ ሞተሩ ሲግል ውኃ መጨመር ብቻ ነበር። ግን ያ ጠመዝማዛ ዳገት ሲጀምር፣ ገደሉም አንዴ ከወዲህ አንዴ ከወዲያ ብቅ ሲል፣ ግራ እጁን አውጥቶ የመኪናዋን ጎን ከውጭ በኩል ጨበጠ። ከዚያ በኋላ ውኃ ለመጨመር ካልሆነ አለቀቃትም።

"መጨረሻ ወጣን" ይላል አባባ። ሲናገረው ግን አንደኛ የወጣ ነው የሚመስለው።

ፒያሳ ሲደርሱ ጣቶቹ አልዘረጋ ብለው ሲኞሩ ነው አንድ በአንድ ያላቀቃቸው። እጁ ሲነሳ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። መኪናዋ ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ በጭቃ ተለስናለች፤ የአባባ እጅ የነበረበት ቦታ ብቻ ንጹሕ ቀይ ሆኖ ቀርቷል። ሲኞሩ ማንም እንዳያጥባት ከልክሎ ለደንበኞቹ ያንን እጅ ሲያሳይ ከረመ። በኋላ እሱ ወደ አገሩ ገባ። መኪናዋም ባለቤት አጥታ ተቆራርጣ ተሸጠች። የሞተሯ ክዳን የከሰል ምድጃ ሆኖ ገበያ ላይ ሲሸጥ አባባ በዓይኑ አይቷል።

እንግዲህ ያቺን መኪና ነው ልንሠራ የተቀመጥነው። ላሜራው የዘይት ቆርቆሮ ነበር። አባባ በጣቶቹ እየዳበሰ ይለካል፣ እኔ በምስማር አሰምራለሁ፣ በመቀስ እቆርጣለሁ። አሸዋ የሞላ ከረጢት ላይ አስቀምጬ ቆርቆሮውን እያጎበጥኩ ስመታ፣ "አትቆጪው! ላሜራ በቁጣ አይታዘዝም፤ አባብይው" እያለ ይጮሃል። ጎማዎቹን ካለቀ ነጠላ ጫማ ቆረጥናቸው። የጎማዎቹን ሽቦዎች ከብስክሌት አገኘን። ለግቢው በር ተገዝቶ በተረፈ ቀይ ቀለም ቀባናት። ከውጭ ጓደኞቼ ሱዚ ሲዘሉ፣ ሲቆጥሩና ሲጣሉ ይሰማኛል። አንዳንዴ በአጥሩ ቀዳዳ፣ "ሙና ባለጋራዥ! ሙና ባለጋራዥ!" ብለው ይሮጣሉ። አፍር ነበር። ግን አልተነሳሁም።

ቀለሙ ሲደርቅ መኪናዋ እንዴት አምራ ነበር! ያለቀች መስሎኝ ለአባባ ሰጠሁት። አገላብጦ ዳበሳትና፣

"እንግዲህ ዋናው ሥራ ተጀመረ። አቆሽሺያት" አለኝ።

ያን ጊዜ እናቴ ወንድሜን ወልዳ አራስ ናት። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ አጥሚት ይዛላት ስትገባ እኔ አዲሱን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ አየችና ቆመች።

"አያ ሰይድ፣ ሰው ማኪና ያጥባል እንጂ ያቆሽሻል? ምነው፣ ደህና ነህ?"

"አንቺ ደግሞ! ንጹሕ ማኪና ምን ወሬ አላት? ከቤቷ ያልወጣች ናት" አለ አባባ።

"እንዲያ ከሆነማ የእኔን ቤት ድስቶች ላምጣልህ፤ ብዙ አገር ዞረዋል" አለች። እናቴ ከመኝታ ቤት ስትስቅ ተሰማ።

አፈሩ ደግሞ ከየትም አይሆንም። አባባ መንገዱን በቀለም ነው የሚያስታውሰው። የሊማሊሞ አቧራ ነጣ ያለ ነው፣ የዳባት ጭቃ ጥቁር ነው፣ ወደ ጎንደር ሲቀርቡ ቀይ ይሆናል ይላል። አባቴ በሄደበት ሁሉ እየቆመ በፌስታል ቋጥሮ ማምጣት ጀመረ። አንድ ቀን እየሳቀ ገባ። ዳባት አጠገብ ከመንገድ ዳር ሲዝቅ አንዲት ሴት አይታው፣ "ወንድሜ፣ ለምን በሽታ ነው የሚሆነው?" ብትለው፣ "ለዓይን" ብሏት፣ እሷም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች። አባባ እስኪያለቅስ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኑን ጠረገ።

አፈሩን በእናቴ አሮጌ ሻሽ እነፋዋለሁ። የግራር ሙጫ በዘፈዘፍኩበት ውኃ አቀጥነዋለሁ። ከዚያ በእስክርቢቶ ቀፎ ነክሬ እፍ እለዋለሁ፤ ጭቃው ከመኪና ጎማ እንደተፈናጠረ ሆኖ ያርፋል። ረመዳን ገብቶ ስለነበር እንዳንውጠው ተጠንቅቀን ነበር የምንነፋው። ለዝገቱ ቆርቆሮው በተገለጠበት ቦታ ሎሚና ጨው እያደረግን እናሳድራለን። የጀበናውን ጥላሸት በዘይት ለውሼ ጭስ ማውጫዋ ዙሪያ ቀባሁ። የእያንዳንዱ ቦታ በአባባ ራስ ውስጥ ነው። "ከፊት ጎማው ኋላ ወፍራም አድርጊው፣ ወደ ላይ ስትሄጂ አሳሺው። እዚህ ጋ ድንጋይ መቷታል፣ ፋቂው። አይደለም፣ ዝቅ በይ። አዎ! እዚያ ጋ!" አንዳንዴ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚያዘኝ። ሲጨፍን ይበልጥ የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

የመጨረሻው ሥራ የአባባ እጅ የነበረበት ቦታ ነበር። የእጅ ቅርፅ ከወረቀት ቆርጠን ለጥፈን ሞከርን፤ ጭቃው ከሥሩ ገባና አበላሸው። አጥበን እንደገና ጀመርን። በመጨረሻ አባባ፣ "ጣትሽን አድርጊበት" አለኝ። በግራ ጎኗ፣ እሱ በተቀመጠበት አጠገብ፣ አውራ ጣቴን ለጠፍኩ። ቀፎውን ከእጄ ወስዶ ራሱ እፍ አለው። እየደጋገመ፣ ቀስ እያለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። ጭቃው ጥፍሬ ላይ ደርቆ እስኪጠብ ድረስ እንዳልነቃነቅ ነገረኝ። ጣቴን ሳነሳ ቀይዋ ቦታ ቁልጭ ብላ ወጣች።

"እጄ አለ?" አለኝ።

"አለ" አልኩት።

በጥፍሩ ጫፍ የጭቃውን ጠርዝ ዳበሰው። ፈገግ አለ። ግን አላያትም። የቀረው የዓይኑ ብርሃን ከቀፎ ቀዳዳ አይበልጥም ነበር፤ ያቺም ብርሃን ጠራራ ፀሐይ ካላገኘች አትሠራም። ነሐሴ ነው፤ ጎንደር ላይ ደመናው ከጣሪያ ዝቅ ብሎ ይውላል። "ፀሐይ ስትወጣ ደጅ አውጥተሽ ታሳይኛለሽ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ጥበቃ ሆነ። ጠዋት ስነሳ ከአልጋው ሆኖ፣ "ሰማዩ እንዴት ነው?" ይለኛል። "ደመና ነው አባባ።" "ነገ ኢንሻአላህ።" በማግስቱም እንዲሁ። ኢፍጣር ላይ ተምር ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ የውኃውን ብርጭቆ ይደፋዋል። እናቴ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ትጠርጋለች፣ እኔ ተምሩን እጁ ውስጥ አስቀምጣለሁ። እሱ ደግሞ "ዛሬ መብራቱ ደካማ ነው" ይላል። መብራቱ ደህና ነበር። ሰማዩ አልከፈት እያለ፣ የእሱ ዓይን ደግሞ እየተዘጋ፣ በሁለቱ መካከል እኔ ደጅ ቆሜ ደመና አያለሁ። ማንን ልለምን? ሶላት ላይ "ያ አላህ፣ ፀሐይ" ብቻ ነበር የምለው።

የኢድ ዋዜማ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ከተማው ሁሉ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ነበር፤ ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ እንፋሎት ይነሳል። እየሮጥኩ ገብቼ፣ "አባባ! ፀሐይ!" አልኩት። ድምፄ እንደዚያ ወጥቶ አያውቅም። ግን በዚያው ሰዓት አክስቴ ሉባባ፣ የአባቴ እህት፣ እጅጌዋን ሰብስባ በር ላይ ደርሳለች። እናቴ አራስ ስለሆነች የኢዱን ጽዳት ልትሠራልን ነው የመጣችው። ለበዓሉ የሚፈጨውን እህል አሸከመችኝና፣ "ወፍጮ ቤቱ ሳይጣበብ ሩጪ" አለችኝ። አባባን አየሁት።

"ሂጂ" አለ እሱ። "ፀሐይዋ እንደሆነ ገና ማለዳ ናት።"

ወፍጮ ቤቱ ለበዓል በመጣ ሰው ተጨናንቆ ነበር። ወረፋው አልንቀሳቀስ ብሎኝ በሩ ሥር እየጠበበች የምትሄደውን ጥላ ሳይ ቆየሁ። ዱቄቱን ተሸክሜ ስመለስ የቤታችን ዕቃ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ነበር። ምንጣፉ ግንቡ ላይ ተሰቅሏል፣ ብርጭቆዎቹ በጨርቅ ላይ ተደፍተዋል። ከብርጭቆዎቹ አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ፣ መኪናዋ ቆማለች። ቀይ። ውኃ እየተንጠባጠበባት ታብለጨልጫለች።

"መጣሽ ሙና? እይማ የአባባን መኪና!" አለች አክስቴ። ሁለት እጆቿን ዘርግታ አሳየችኝ፤ ጣቶቿ ቀልተው ተልጠዋል። "ምን ዓይነት ዝገት ነው እባክሽ፣ በአመድና በሎሚ ነው ያስለቀቅኩት። ጥፍር አልተረፈኝም!" ከዚያ ጠጋ አለችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ምስኪን፣ ዓይኑ ቢያይለት ኖሮ እንዲህ ቆሽሻ ዝም ይላት ነበር? ነገ እንግዳ ሲመጣ እንዳያፍር ብዬ ነው።"

ዱቄቱ ራሴ ላይ እንዳለ ቆምኩ። "አክስቴ" አልኩ። ውኃው በቦዩ በኩል ወርዶ ሄዷል። የሊማሊሞውም የዳባቱም ተቀላቅሎ፣ ከበራችን ፊት ቀይ ኩሬ ሆኗል።

አክስቴ አባባን እጁን ይዛ አወጣችው፣ በርጩማ ላይ ፀሐይ ፊት አስቀመጠችው፣ መኪናዋን ጉልበቱ ላይ አኖረችለት። አባባ አንስቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋት። አራቃት። እንደገና አስጠጋት። ፀሐይዋ ከቆርቆሮው ነጥራ ፊቱ ላይ ትጫወታለች።

"ታበራለች" አለ።

"እንደ አዲስ!" አለች አክስቴ።

ያኔ ጣቱ በግራ ጎኗ መሄድ ጀመረ። ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። ተመለሰ። ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደገና ሄደ። በጥፍሩ ሞከረ። እንዲያ ሲፈልግ አየሁት፣ እየፈለገ የነበረውንም አወቅኩ፤ ሄጄ ጣቱን መያዝ አቃተኝ።

"ሙና ተመለሰች?" አለ ድንገት።

"አለሁ አባባ።"

ሌላ አልጠየቀኝም። አክስቴ ተጨነቀች። "ምነው አባባ፣ አላማረችህም?"

"አምራለች" አለ። "ሸጋ አድርገሽ ነው ያጠብሻት። አመዱ እጅሽን አልበላሽም ልጄ?"

"ምንም አልሆንኩ፣ ለአንተ ነው እኮ!"

"እጅሽ ይባረክ" አላት። መኪናዋን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረ፤ ዓይኑን ሳይጨፍን።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ ስትሄድ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፌስታሎቹ ውስጥ አፈር እንደተረፈ ነገርኩት። እንደገና እንሥራት አልኩት። "ማን አይቶ፣ ሙናዬ?" አለኝ። አልተቆጣም። እኔ አየዋለሁ ልለው ነበር። ግን እኔ ያን ቀን መንገዱ ላይ አልነበርኩም፤ ጭቃው የቱ ጋ ወፍራም የቱ ጋ ስስ እንደሆነ የሚያውቀው የእሱ ዓይን ብቻ ነው። ከዚያ አስማለኝ። ለሉባባ ማንም እንዳይነግራት፤ "አንቺም፣ አባትሽም፣ እናትሽም" አለኝ።

መስከረም ሲጠባ ብርሃኑ ጨርሶ ጠፋ። የሰፈሩ ልጆች ሰባተኛ ክፍል ሲመዘገቡ እኔ አባባን ወደ መስጊድ እመራ ነበር። እናቴ ሕፃን አላት፣ አባቴ መንገድ ላይ ነው፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ከትምህርት በዚያው ቀረሁ። መንገድ ላይ ስንሄድ ትከሻዬን በግራ እጁ ይይዘኛል፣ አያያዙም ጠንካራ ነበር። ዳገት ሲሆን ይበልጥ ያጠብቃል። እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ስለ መኪናዋ አላነሳም።

ያ ሕፃን ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። ወንድሜ ዐብዱ ስልኩ ላይ መኪና ሲያሽቀዳድም ይውላል። እኔ ከሥራ፣ ከፒያሳ ልብስ ሱቅ፣ ደክሞኝ ስገባ አጠገቡ አረፍ ብዬ አያለሁ። መኪናዎቹ እንዴት ያምራሉ! ይጋጫሉ፣ ይገለበጣሉ፣ በእሳት ይያያዛሉ፤ ወዲያው እንደ አዲስ ሆነው መነሻው ላይ ይቆማሉ። አንድ ጊዜ፣ "ይሄ አይቆሽሽም?" አልኩት። "ለምን ይቆሽሻል?" አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። እኛ ክረምቱን ሙሉ የለፋነው ለአንድ ጭቃ ነበር ብዬ ብነግረው ምን ይገባዋል?

ባለፈው ኢድ ዋዜማ አክስቴ ሉባባ እንደልማዷ መጣች። አርጅታለች፣ ጉልበቷም አይታዘዝላትም፤ ተቀምጣ ነው የምታዘን። መኪናዋን ከቁም ሳጥኑ ሳወርድ አየችኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ዘንድሮም ሳታጥቢያት ልትመልሻት ነው? እኔ ያጠብኳት ጊዜ እንዴት አምራ ነበር! አባባ እንዴት ደስ ብሎት ነበር፣ ታስታውሻለሽ?"

"አስታውሳለሁ አክስቴ" አልኳት።

መስኮቱ መጋረጃ ስላልነበረው ፀሐይ ቀጥታ ገባች። መኪናዋን ወደ ብርሃኑ ዞር አደረግኳት። ቀለሟ ጠቁሯል። የክረምቱ እርጥበት የፈጠረው ዝገት ጠርዟን በልቷታል፤ አባባ ባዘዘው ቦታ ላይ አይደለም፣ ዝገቱ ራሱ ደስ ባለው ቦታ ላይ ነው። አቧራውም የየትም መንገድ አይደለም፣ የራሳችን ቤት አቧራ ነው። በግራ ጎኗ ግን አንዲት ትንሽ ቦታ ንጹሕ ቀይ ሆና አየኋት። ሳወርዳትም ስመልሳትም፣ በየኢዱ፣ ሳላውቀው በዚያው ቦታ ነበር የምይዛት። አውራ ጣቴን ገጠምኩበት። ልክ ሆነ።

ደጅ ምንጣፍ ይደበደባል። አክስቴ ስለ ብርጭቆዎቹ ዐብዱን ትቆጣለች። ማንም አልጠየቀኝም።

"አለ" አልኩ፤ ለሰው በማይሰማ ድምፅ።